ጉልቻው የት ይቀመጥ?

አበው «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ይላሉ። ይህ ተረት ሹም በተሻረና በተሾመ ቁጥር ከየአፉ የሚወጣ፣ በፖለቲካ ጨዋታ ላይ ብዙ ያገለገለና ብዙም የደከመ ተረት ነው። እኔ ዛሬ ከዚያ አደባባይ አውጥቼ ወደ ተወለደበት ወደ ማድ ቤት ልመልሰውና እዚያው ምድጃው ዳር ልሞግተው ፈልጌአለሁ። እውነት ነው፤ ድንጋይ ስለተቀየረ ወጥ አይጣፍጥም። ወጥ ሠሪዋ ግን የምትውለው ጉልቻው ባለበት ነው። ጉልቻው ጭስ በታፈነበት ጎጆ ውስጥ ከሆነ ዓይኗ ይቀላል፤ ከቤት ጀርባ ከሆነ ከጨዋታው ትጎድላለች፤ በሰው መካከል ከሆነ ደግሞ እንደ ሰው ትጫወታለች፣ ትስቃለች፣ ትከራከራለች። ስለዚህ የጉልቻ ቦታ ከወጡ ይልቅ የሰው ጉዳይ ነው እላለሁ።

ቋንቋችን ለጉልቻ የሰጠውን ክብር ልብ በሉልኝ። ሁለት ወጣቶች ሲጋቡ «ሦስት ጉልቻ መሠረቱ» እንላለን። ትዳርን የሚያህል ነገር በአልጋ ወይም በጣሪያ ሳይሆን ድስት በሚጣድባቸው ሦስት ድንጋዮች መሰየማችን፣ የቤት እምብርቱ እሳት መሆኑን አባቶቻችንና እናቶቻችን ጠንቅቀው ያውቁ እንደነበር ያሳያል። ይሁን እንጂ ክብሩ በቃል ቀረ። ድንጋዮቹን የጎለትንባቸው ቦታዎች ከእንግዳ ዓይን የራቁ፣ ከጨዋታው የተለዩ ጥጎች ነበሩ። ሌላው ተረታችንም ድንበሩን ሳያፍር አሰመረው፤ «ሴት በማጀት፣ ወንድ በችሎት» አለ። አንዱ ተረት ጉልቻን የትዳር ስም ሲያደርገው ሌላው ጉልቻውን የሚጠብቀውን ሰው ከሸንጎው አስወጣው።

ይህን እንዳነሣ ያደረገኝ፣ በምኖርበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ በሰሜን ቨርጂኒያና በሜሪላንድ በሚኖሩ ወገኖቻችን ጓሮ ውስጥ ደጋግሜ የማየው አንድ ግንባታ ነው። አሜሪካውያን «የውጭ ማድ ቤት» ይሉታል። መካከሉ ላይ የሚቆመውን፣ የጥብስ ምድጃና የሥራ ጠረጴዛ አንድ ላይ የተገነባበትን መደብ ደግሞ «ደሴት» ብለው ይጠሩታል። ደሴት ያሰኘው ከግድግዳ ጋር ሳይያያዝ፣ ሰው ዙሪያውን ሊከበው እንዲችል ሆኖ ብቻውን መቆሙ ነው። አጥንቱ ከብሎኬት ወይም ከብረት ይሠራል፤ ገጹ በድንጋይ ይለበጣል፤ ላዩ በግራናይት ወይም በኮንክሪት ይከደናል፤ ሆዱ ውስጥ የጋዝ መስመር፣ ማቀዝቀዣና የዕቃ ማጠቢያ ይገባል። እንደየሰው አቅም ከአንድ ቀላል የብሎኬት ገበታ ጀምሮ ጣሪያና የእሳት ማሞቂያ እስካለው አዳራሽ ድረስ ይደርሳል።

ወዳጆቼ ለመገንባት ሲያስቡ ንድፋቸውን ያሳዩኛል፤ እኔም ስለ ቤት አሠራር መጨዋወት ስለምወድ አብሬአቸው እቀመጣለሁ። ካየኋቸው ንድፎች አብዛኞቹ አንድ ዓይነት መልክ አላቸው። ደሴቱ በጓሮው መካከል፣ ከወንበሮቹ ፊት ለፊት ይቆማል። የቤቱ አባወራ ቅዳሜ ከሰዓት እዚያ ቆሞ ጎድን ይጠብሳል፣ ቢራ ያድላል፣ ይመሰገናል። «የእንጀራው ምጣድስ?» ብዬ ስጠይቅ «እሱማ ጋራዥ ውስጥ ነው» ወይም «ቤዝመንት ነው» እባላለሁ። አንዳንዱ ደግሞ «ከቤቱ ጎን ትንሽ ቆርቆሮ እንሠራላታለን» ይላል። ለእሱ ደሴት፣ ለእሷ ቆርቆሮ መሆኑ ነው። ውቅያኖስ ተሻግረን፣ የሠላሳ ዓመት የቤት ዕዳ ፈርመን፣ ጓሮውን በግራናይት አስጊጠን ስናበቃ ያንኑ የድሮ ድንበር በአዲስ መሬት ላይ እናሰምራለን ማለት ነው።

ለፍርድ አልቸኩል። ማድ ቤትን ከመኖሪያ ቤት መለየት ያለ ምክንያት የመጣ ልማድ አልነበረም። የሣር ክዳን ባለበት አገር አንዲት የእሳት ብልጭታ ቤቱን ከነንብረቱ ልታወድመው ትችላለች። ኩበትና ጭራሮ ጭሳቸው ብዙ ነው። የቁሌት ሽታ ልብስ ላይ ያድራል። በከተማም ቢሆን ግቢው «ዋናው ቤት» እና «ሰርቪሱ» ተብሎ ሲከፈል፣ ማድ ቤቱ ከሠራተኛዋ መኝታ ጋር ወደ ሰርቪሱ ሄደ። አንዲት ሴት በቡሃቃ ያቦካችውን ሊጥ ተሸክማ ወደ ኋላ ትሄዳለች፤ እሳቱን በእፍታ ታነድዳለች፤ ምጣዱን ታሰማለች፤ አክንባሎውን ስታነሣ እንፋሎቱ፣ ስትከድን ጭሱ ይቀበላታል። ሠላሳ እንጀራ ከጋገረች በኋላ ሰፌዱን ይዛ ስትገባ እንግዳው «እጅሽ ይባረክ» ይላታል። ምርቃቱ ለእጇ ነው፤ ፊቷን ያየው ሰው የለም።

ይህ ጭስ ዓይን በማቅላት ብቻ የሚያበቃ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው፣ እ.ኤ.አ. በ2020 ብቻ በእንጨት፣ በከሰል፣ በኩበትና በመሳሰሉት ማገዶዎች ከማብሰል በሚመነጭ የቤት ውስጥ የአየር ብክለት የተነሣ 3.2 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሞተዋል። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ በምድጃ ዳር የሚውሉ ሴቶችና በጀርባቸው ያዘሏቸው ሕፃናት ናቸው። እንግዲህ ጭሱን ከቤት ስናስወጣ አብራው የወጣች ሰው ነበረች። ቤቱ ከጭስ ዳነ፤ እሷ ግን ጭሱ ወዳለበት ሄደች።

ከሁሉ የሚገርመኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከገባ ብዙ ዓመታት ተቆጥረዋል። ጭሱ ጠፋ፤ የሣር ክዳኑ ቆርቆሮ ሆነ፤ እሳቱ ሽቦ ሆነ። ምክንያቶቹ አንድ በአንድ ሲወድቁ ማድ ቤቱ ግን ወደ ሰው አልተመለሰም፤ በብዙ ግቢ ዛሬም ከኋላ ነው። ምክንያት ሞቶ ልማድ ሲተርፍ፣ ከጅምሩም ሌላ ያልተነገረ ምክንያት እንደነበር እጠረጥራለሁ። ድካምን ማየት አንወድም። ማዕዱ ያለ ላብ እንደ መና ከሰማይ የወረደ ቢመስል እንመርጣለን።

በዚህ ነገር ብቻችንን አይደለንም። በብዙ ኢትዮጵያውያን ሰፈርነት ከምትታወቀው ከአሌክሳንድሪያ ከተማ በስተደቡብ ጥቂት ማይሎች ዝቅ ብሎ የጆርጅ ዋሽንግተን ርስት የነበረው ማውንት ቬርነን ይገኛል። ለጉብኝት የሄደ ሰው ከትልቁ ቤት ተለይቶ የቆመውን ማድ ቤት ያያል። እ.ኤ.አ. በ1775 የተሠራ ሲሆን ከዋናው ቤት ጋር የሚያገናኘው ዓምድ የተደረደረበት ባለ ጣሪያ መተላለፊያ ነው። ምክንያቱም የእኛው ነው፤ እሳትን፣ ሙቀትንና ሽታን ከቤት ማራቅ። በዚያ ምድጃ ዳር የሚውሉት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነበሩ። ከእነርሱ ስመ ጥር የነበረው ሄርክለስ የተባለው ወጥ ቤት ነው። ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ሳለ ወደ ፊላደልፊያ ወስዶት የፕሬዚዳንቱን ገበታ ያዘጋጅ ነበር፤ በሙያውም የተደነቀ ሰው ነበር። ይኸው የተደነቀ ሰው እ.ኤ.አ. የካቲት 22 ቀን 1797፣ ጌታው 65ኛ ዓመቱን በያዘበት ዕለት፣ ከማውንት ቬርነን ጠፍቶ ነፃነቱን በገዛ እግሩ ወሰደ። የሚያስገርም ሙያ ያለው ሰው የሚሸሽበት ማድ ቤት ምን ዓይነት ማድ ቤት እንደሆነ መገመት አያዳግትም።

ባርቤኪው የሚባለውም ነገር ታሪኩ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ቃሉ ከካሪቢያን ደሴቶች ተወላጆች ከታይኖዎች ቋንቋ በስፓኝ በኩል የመጣ ሲሆን፣ በእሳት ላይ ከፍ ብሎ የተሠራ የእንጨት ቆጥን ያመለክት ነበር። በቨርጂኒያ ታላላቅ ሰዎች ዘንድ ባርቤኪው የተወደደ ግብዣ ነበር፤ ዋሽንግተን ራሱ እ.ኤ.አ. በ1769 አሌክሳንድሪያ ወደነበረ አንድ ባርቤኪው መሄዱን በዕለት መዝገቡ ጽፏል። በአሜሪካ ደቡብ በእነዚያ ግብዣዎች ጉድጓዱን የሚቆፍሩት፣ ፍሙን ሌሊቱን ሙሉ የሚጠብቁት፣ ሥጋውን የሚያገላብጡት ከሞላ ጎደል በባርነት የተያዙ ጥቁሮች ነበሩ። አድሪያን ሚለር እ.ኤ.አ. በ2021 ባሳተመው መጽሐፉ የጥቁር አሜሪካውያንን የባርቤኪው ሙያ ታሪክ ዘርዝሮ ጽፎታል። ጋባዡ ስሙ ተጠራ፤ ጠባሹ ግን ከጭሱ ጋር ተረሳ።

ከዚያ ዘመን ተለወጠ፤ እሳቱም ጌታ ተለወጠለት። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሄንሪ ፎርድ ከመኪናው የእንጨት ክፍሎች የተረፈውን ቁርጥራጭ በሚሺጋን ወደ ተጠፈጠፈ ከሰል እየለወጠ መሸጥ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ1952 በቺካጎ አጠገብ በአንድ የብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ የነበረው ጆርጅ ስቲቨን፣ በውኃ ላይ ለመርከቦች ምልክት የሚንሳፈፈውን የብረት ሉል ለሁለት ከፍሎ ክዳን ያለውን ክብ የጥብስ ምድጃ ፈጠረ። ከጦርነቱ በኋላ የተስፋፋው የከተማ ዳር መንደር ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ጓሮ ሰጠው። በጓሮው ውስጥም ሽርጥ የታጠቀ፣ መቆንጠጫ የያዘ አባወራ ቆመ። ሴትዮዋ ሰላጣውን ከውስጥ አዘጋጅታ፣ ሳህኑን አቅርባ፣ በኋላም አጥባ ስታበቃ «ዛሬ ምግቡን የሠራው እሱ ነው» ተባለ።

ከዚህ ታሪክ የምወስደው ትምህርት አንድ ነው። እሳቱ ያው እሳት፣ ጭሱም ያው ጭስ ሆኖ ሳለ፣ ሰው ተገዶና ተደብቆ ሲሠራው ውርደት፣ ወድዶና በሰው ፊት ሲሠራው ክብር ይሆናል። ልዩነቱን ያመጡት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ የሠራተኛው ፈቃድና የምድጃው ቦታ። ፈቃድን በሲሚንቶ መገንባት አይቻልም። ቦታን ግን ይቻላል።

«ይህ የፈረንጅ ሐሳብ ነው፤ እኛ ዘንድ በእንግዳ ፊት ማብሰል ነውር ነው» የሚለኝ ሰው አይጠፋም። ለዚህ መልሴ ረከቦቱ ነው። ቡና የምታፈላው ሴት እሳቷን ይዛ ወደ ማጀት አትሄድም፤ ወደ እንግዳው ትመጣለች። ቄጠማው ይጎዘጎዛል፤ ከሰሉ በፊታችን ይቀጣጠላል፤ ቡናው በፊታችን ይቆላል፤ ጭሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን እየሳብን እናሞግሰዋለን። እሷም ጀበናውን ጥዳ ወሬውን ትሰማለች፣ ታርማለች፣ ትጨምራለች፤ ከአቦል እስከ በረካ ጨዋታው ያለ እሷ አይሄድም። እንግዲህ እሳትንና ሰውን በአንድ ቦታ ማኖር ባህላችን ያውቅበታል። ለጀበና የሰጠነውን ክብር ለምጣዱ መንፈጋችን ብቻ ነው የሚያስወቅሰን። የጓሮው ደሴት ለእኔ ትልቅ ረከቦት ነው፤ መሠራት ያለበትም በዚያ ሐሳብ ነው።

እንግዲያስ ጓሮው ሲታቀድ ምን ይደረግ? ከሁሉ አስቀድሞ ምጣዱ ደሴቱ ላይ ቦታ ይኑረው። ይህ በቃል ቀላል፣ በሥራ ግን ዝግጅት የሚጠይቅ ነው። የአሜሪካ ተራ ሶኬት በ120 ቮልት የሚሠራ ሲሆን፣ የ15 አምፒር መስመር ቢበዛ 1800 ዋት ይሸከማል፤ ለረጅም ሰዓት ሳይቋረጥ ለሚሠራ ዕቃ ደግሞ ከዚህ 80 በመቶውን፣ ማለትም 1440 ዋት ብቻ መጠቀም ይገባል። ምጣድና የወጥ ምድጃ በአንድ መስመር ላይ ሲሰኩ መብራቱ ድርግም የሚለው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ለምጣዱ ለብቻው መስመር ይዘርጋለት። እንደ አዲስ አበባው ከ3000 ዋት በላይ የሚፈልግ ትልቅ ምጣድ የሚመኝ ሰው ደግሞ ኤሌክትሪክ ሠራተኛው የ240 ቮልት መስመር ከመጀመሪያው እንዲስብለት ይንገረው። መሬቱ ከተደለደለና ኮንክሪቱ ከፈሰሰ በኋላ ማሰብ ዋጋው እጥፍ ነው። ከውጭ ያለ ሶኬት ሁሉ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት ሲያፈተልክ ኃይሉን በቅጽበት የሚቆርጥ ዓይነት መሆን እንዳለበት ሕጉም ያዝዛል።

ሁለተኛው የፊት አቅጣጫ ነው። ብዙ ንድፍ ምድጃውን ከአጥሩ ጋር ያጣብቀዋል፤ የሚያበስለው ሰው አጥሩን ሲያይ፣ እንግዶቹ ጀርባውን ሲያዩ ይውላሉ። ደሴቱ የተፈለሰፈው ይህን ለማስቀረት ነው። የሥራው ገበታ ከመሬት 36 ኢንች ያህል፣ በማዶው ያለው የእንግዳ መደገፊያ ደግሞ 42 ኢንች ያህል ከፍታ እንዲኖረው ማድረግ የተለመደ ነው። ከፍ ያለው ጠርዝ እሳቱን ከእንግዳው ይለያል እንጂ ፊት ለፊት መተያየትን አይከለክልም። ሙሉ ግድግዳ አያስፈልግም።

ሦስተኛው የሰውነት ልክ ነው። 36 ኢንች የተባለው ለአማካይ አሜሪካዊ ቁመት ነው። አክንባሎ የሚያነሣ፣ ሊጥ የሚያዞር እጅ ከገበታው በላይ ተሰቅሎ ከዋለ ማታ ትከሻ ያመዋል። ስለዚህ የምጣዱ ገበታ ከምትጋግረው ሰው ክርን ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ይሠራ። ቁመቷ ይለካ! ለሠርግ ቀሚስ የምንለካትን ሰው ዕድሜዋን ሙሉ ለምትቆምበት ገበታ የማንለካበት ምክንያት የለም። ከምጣዱ በአንድ ወገን የሊጡ ዕቃ፣ በሌላው ወገን ሰፌዱ የሚያርፍበት ቢያንስ የ24 ኢንች ባዶ ስፍራ ይተውላት። ከኋላዋም ወንበር ይቀመጥ፤ ሊጡ ዓይን እስኪያወጣ መቀመጥ መብቷ ነው።

አራተኛው ነፋስ ነው። በዋሽንግተን አካባቢ በሞቃቱ ወራት ነፋሱ በብዛት ከደቡብ አቅጣጫ ስለሚነፍስ፣ የከሰሉንና የሥጋውን ጥብስ ጭስ ወደ ወንበሮቹም ወደ ምጣዱም እንዳያመጣው የጥብሱ ምድጃ በሰሜኑ ወገን ቢሆን ይመረጣል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አጥብቄ ልናገር። ከሰልን በጋራዥ ወይም በቤዝመንት ውስጥ፣ በሩ ተከፍቶም ቢሆን፣ ማንደድ አይገባም። ሽታ የሌለው የካርቦን ሞኖክሳይድ ጋዝ ሰውን በእንቅልፍ ይወስዳል። በክረምት ብርድ «ለቡናው ብቻ» እየተባለ የሚነድ ከሰል ቤተሰብ ያጠፋል።

የቀረው የግንበኛው ሥራ ነው፤ ቢሆንም ባለቤቱ ይወቀው። በሰሜን ቨርጂኒያ አፈሩ በክረምት ስለሚቀዘቅዝና ስለሚያብጥ ከባድ ግንብ የሚያርፍበት መሠረት ከ24 ኢንች ጥልቀት እንዳያንስ ይጠየቃል። ከመቆፈር በፊት በ811 ደውሎ የተቀበሩ የጋዝና የመብራት መስመሮች ምልክት እንዲደረግባቸው ማድረግ ግዴታ ነው። የፕሮፔን ሲሊንደር በደሴቱ ሆድ ውስጥ የሚቀመጥ ከሆነ የአየር መውጫው ከታች በኩል መከፈት አለበት፤ ፕሮፔን ከአየር ስለሚከብድ ያፈሰሰው ወደ ወለሉ ይወርዳልና። የተፈጥሮ ጋዝ ግን ቀላል ስለሆነ መውጫው ከላይ ይሁንለት። የውኃው ቧንቧ ከኅዳር በፊት ውኃው የሚፈስስበት መዝጊያ ይኑረው፤ ካልሆነ በረዶ ይሰነጥቀዋል። የካውንቲውን ፈቃድና፣ ካለም፣ የቤት ባለቤቶቹን ማኅበር ስምምነት አስቀድሞ መያዝ ይገባል።

አሁን ወደ ተቃውሞዎቹ ልምጣ፤ ከነሱ መካከል የማከብረው አለና። አንዲት አዲስ አበባ የኖሩ፣ ልጃቸውን ለመጠየቅ የመጡ እናት ስለዚህ ነገር ስናወጋ «አንተ ልጄ፣ ጭሱንስ ለምጄዋለሁ፤ ሰው ፊት መጋገር ግን ያሳፍረኛል» አሉኝ። «ለምን እማማ?» ስላቸው «ማጀት የእኛ ነዋ! ወንዶቹ ሳይሰሙ ስንቱን የምናወጋበት፣ የምናለቅስበት፣ የምንስቅበት። እሱንም ልትወስዱብን ነው?» ብለው ሳቁ። ይህ የዋዛ ቃል አይደለም። ማጀት እስር ቤት ብቻ አልነበረም፤ ሴቶች ያለ ተቆጣጣሪ የሚነጋገሩበት ሸንጎም ነበር። ብዙ ተረት፣ ብዙ ቅኔ ያዘለ ንግግር፣ ብዙ የቤተሰብ ምሥጢር ከዚያ ጨለማ ወጥቶ ወደ ሥነ ጽሑፋችን ገብቷል ብዬ አምናለሁ። የቃል ጥበባችን ግማሹ የተቦካው ቡሃቃው አጠገብ ነው።

ቢሆንም መልስ አለኝ። መደበቅ መብት የሚሆነው መታየትም የሚቻል ሲሆን ነው። ማጀት የመረጡት ቦታ ከሆነ ሸንጎ ነው፤ ሌላ ቦታ ስላልተሰጠ የሚገቡበት ከሆነ ግን ማግለያ ነው። ስለዚህ ደሴቱን የሚሠራ ሰው የቤቱን ማድ ቤት አያፍርስ፤ ብቻዋን መሆን ያሻት ቀን በሩን ትዝጋ። እኔ የምጠይቀው ሁለተኛ ምርጫ እንዲኖራት ነው። እማማም በመጨረሻ «ካለማ ጥላ አድርጉልኝ፤ ፀሐዩን አልችለውም» አሉኝ። ጥላውን እኔም ከንድፉ ዋና ክፍል እቆጥረዋለሁ፤ ያለ ጣሪያ ምጣድ አይሰነብትም።

«ሽታውስ? ጎረቤትስ ምን ይላል?» የሚሉ አሉ። የጎረቤት ጎድን ጥብስ በአጥር ላይ ሲመጣ «ምን ያህል ያምራል» እያልን፣ በራሳችን በርበሬና በራሳችን እርሾ ሽታ የምናፍርበትን ነገር አጥብቀን ብንመረምረው ይሻላል። እንዲያውም ቁሌትን ወደ ውጭ ማውጣት ለቤቱ መጋረጃም ለሠሪዋም ሳንባ ዕረፍት ነው። «ወጪውስ?» ለሚል፣ የምለው ነገር ግራናይት አይፈልግም። ጠፍጣፋ ኮንክሪት፣ ጥቂት ብሎኬት፣ አንድ ጣሪያ፣ አንድ አስተማማኝ መስመርና የወንበሮቹ ትክክለኛ አቀማመጥ ይበቃል። ከድንጋዩ ዋጋ ተቀንሶ ለጥላውና ለመስመሩ ቢውል ቤቱ ይጠቀማል።

አንድ ተቃውሞ ግን በይፋ ሲነገር አልሰማም፤ በዝምታ ግን አለ። ምጣዱ በሰው ፊት ከቆመ፣ ቆሞ ማየት የሚያሳፍረው ሰው ይመጣል። ሠላሳ እንጀራ ስትጋግር ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ቢራ የሚጠጣ ወንድ፣ አሥረኛው ላይ ሲደርስ «እስቲ እኔ ልሞክር» ማለቱ አይቀርም። የመጀመሪያው እንጀራው ዓይን ባይኖረው፣ ጠርዙም ቢቀደድ ግድ የለም፤ የሣቁ ባለቤቶች ሁለቱም ይሆናሉ። የልጆቻቸውም ዓይን ያያል። እዚህ አገር የተወለዱ ልጆቻችን እንጀራ ከፕላስቲክ ከረጢት የሚወጣ የሚመስላቸው፣ ሲጋገር ስላላዩት ነው። ሙያ በዓይን ይገባል እንጂ በስብከት አይገባም፤ ጋራዥ ውስጥ የተቆለፈ ሙያ ደግሞ ከባለሙያዋ ጋር ይቀበራል።

ስለዚህ ለመገንባት ላሰባችሁ ሁሉ የምመክረው ይህን ነው። ግንበኛ ከመጥራታችሁ በፊት አንድ ነጭ ወረቀት አውጡ። የጥብሱን ምድጃ ስፋት፣ የድንጋዩን ቀለም፣ የማቀዝቀዣውን ልክ ለጊዜው ተዉት። በወረቀቱ ላይ መጀመሪያ አንዲት ነጥብ አድርጉና «እዚህ የምትጋግረው ሰው ትቆማለች» በሉ። ከዚያ ከዚያች ነጥብ ተነሥታችሁ ጠይቁ። ማንን ታያለች? ማን ያያታል? ጨዋታው ይሰማታል? ውኃው ስንት እርምጃ ነው? ስትደክም የት ትቀመጣለች? ከማዕዱ እኩል ለመቀመጥስ ስንት ደቂቃ ይፈጅባታል? እነዚህ ከተመለሱ ሌላው መስመር ራሱን ይስላል። ከሁሉም የሚሻለው ግን እርሳሱን ለእሷ መስጠት ነው።